በራዱ እኔ ጋ፣ ስኒዎቹ እሱ ጋ

ጥቅምት 3

ለተከበሩት እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን አለ? ጉልበትዎስ? ዓይንዎስ ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ ያስገባል ወይስ አሁንም ክሩን ይሰድቡታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትዎ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ናፍቆቱም የሚብሰው እሑድ ከሰዓት ነው። በሥራ ቀን ለመናፈቅ ጊዜ አይሰጡንም።

ስልክ እንደማይወዱ አውቃለሁ። «ፊቱን ሳያሳየኝ የሚያናግረኝ ሰው ምን ደብቆ ነው?» ያሉት ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ይኸው ብዕር አነሣሁ።

ሥራዬ ያው ነው። በሆቴሉ የግብዣ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ አዘጋጃለሁ። በቀን ለሁለት መቶ ሰው ስኒ እደረድራለሁ፤ የስኒው ጆሮ ወደ ቀኝ፣ ማንኪያው ከጆሮው ሥር፣ የጠረጴዛው ልብስ ጫፍ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። ኃላፊያችን ማስመሪያ ይዛ እየዞረች ትለካለች። ስሟን ማንም አይጠራም፤ ከኋላዋ «ማስመሪያ» ነው የምንላት። ፊት ለፊትማ «እሜቴ» እንላታለን።

አሁን ለምን እንደምጽፍልዎ ልንገርዎ። ሆቴሉ በታኅሣሥ ሃምሳ ዓመት ይሞላዋል። ማስመሪያ ሰብስባን «እያንዳንዳችሁ አንድ የሻይ ጠረጴዛ በየቤታችሁ ወግ ታዘጋጃላችሁ፤ የቤተሰባችሁን ዕቃ ታስቀምጣላችሁ፤ እንግዶቹ እየዞሩ አይተው አንደኛውን ይመርጣሉ» አለች። የልብስ ማጠቢያ ክፍሏ ጓደኛዬ የእናቷን የብር ማንኪያዎች አምጥታለች። ወጥ ቤት ያለው ሽማግሌ ከአያቱ የወረሰው ትሪ አለው። እኔ ያለኝ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ነው፤ እሱም የሆቴሉ አርማ አለበት፤ ያውም ሳላስፈቅድ ነው ቤቴ የገባው።

የአያቴን በራድና ስኒዎች ላኩልኝ አልልም። ፖስታ ቤት ዕቃ እንዴት እንደሚወረውር ከመስኮቱ አይቻለሁ። ግን አያቴ ጠረጴዛውን እንዴት ታሰናዳ እንደነበር፣ እያንዳንዱ ስኒ ከየት እንደመጣ ይጻፉልኝ። እኔ እዚህ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ የሚመስሉትን እፈልጋለሁ። አባዬንም ቢጠይቁልኝ ጥሩ ነበር፤ ግን የሁለታችሁን ነገር እርስዎ ያውቃሉ።

የእጅዎን ጣቶች አንድ በአንድ እስማለሁ፤ መርፌ የወጋውን ሁለት ጊዜ።

የወንድምዎ ልጅ፣ ድንቢጥ


ጥቅምት 21

ይድረስ ለድንቢጥ፣

ክንፍሽ አይዛል፤ ያረፍሽበት ቅርንጫፍ አይሰበር፤ የሚለካሽም ሰው በልክሽ ያግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ ይናገራል፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ክሩን አሁንም እሰድበዋለሁ። ይልቅ ቁጥር ዘጠኝ መርፌ ካገኘሽ ላኪልኝ፤ የዚህ አገሩ መርፌ ጨርቅ ሳይነካ ይታጠፋል።

ሥራ አለ። ባለፈው አንድ የጥርስ ሐኪም ሱሪ ይዞ መጥቶ «ወገቡን አጥብቢልኝ» አለኝ። ለካሁት። «ጌታዬ፣ የሚያስፈልግህ ማስፋት ነው» አልኩት። ተቆጣ። «አንተ ጥርስ ስትነቅል እኔ የትኛው ይነቀል ብዬ እከራከርሃለሁ?» አልኩት። ሳቀና አስፊልኝ አለ። ታዲያ አስፍቼ ስጨርስ የሱሪው ቁልፍ ጠፋብኝ። ቤቱን ገለባበጥኩት፣ የለም። ሌላ ተክቼ ሰጠሁት፤ አላወቀም። እኔ ግን አውቃለሁና እስካሁን ይቆጨኛል።

የሆቴላችሁ ነገር ደስ ይላል። የጠረጴዛውን ቁመትና ስፋት ጻፊልኝ፤ ጨርቁን እኔ ሰፍቼ እልክልሻለሁ። ጨርቅ ቢወረወር አይሰበርም።

ስለ ዕቃው ግን ምን ልበልሽ። እናቴ ስትሞት በራዱን ለኔ፣ ስኒዎቹን ለአባትሽ ሰጠች። ጠበቃም ምስክርም አላስፈለጋትም። «አንዳችሁ ያለ ሌላችሁ ሻይ እንዳትጠጡ ነው» አለች። ብልጥ ነበረች፤ እልኸኛ ልጆች መውለዷን ብቻ ረሳችው። አሁን በራዱ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ሆኗል። ሻዬን በድስት አፍልቼ በብርጭቆ እጠጣለሁ፤ ያው ሻይ ሻይ ነው።

ስለ ስኒዎቹ አባትሽን ጠይቂው። ሱቁ ከቤቴ አሥራ ሁለተኛው በር ነው፤ እኔ ግን በዚያ በኩል መሄድ ትቼ በዳቦ ቤቱ በኩል ዞሬ ነው ገበያ የምወጣው። ጉልበቴን ያሳመመው እሱ ዙሪያ መንገድ ይመስለኛል።

እኔው አክስትሽ፣ ሰፈሩ «መርፌ» የሚለኝ (ስምን መልአክ ያወጣዋል)


ኅዳር 5

ለተከበሩት እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ደብዳቤዎን ባቡር ላይ አንብቤ ስለ ጥርስ ሐኪሙ ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ቦታ ቀየሩ። ጠረጴዛው ክብ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የኔ ሁለት ክንድ ይሆናል። ክንዴን ስለሚያውቁት በሜትር አልጻፍኩልዎም። መርፌዎቹ በዚህ ፖስታ ውስጥ ካርቶን ላይ ተሰክተዋል፤ ሲከፍቱ እንዳይወጉዎ።

አባዬን በስልክ ጠየቅሁት። የሱን ነገር ያውቁታል፤ ሰዓት ለማሠራት የመጣውን ሁሉ «ነገ ና» እያለ ስሙ «ነገ ና» ሆኖ ቀረ፤ ለኔም «ነገ ደውዪ» አለኝ። በማግስቱ ደወልኩ። «ስኒዎቹ ደህና ናቸው» አለ። የሱ ባለ አውራ ዶሮው ስኒ የሰዓት ብሎን ይዟል አሉ። ሌላውን ስጠይቀው «አክስትሽ ደህና ናት?» አለኝ። እትዬ፣ በአሥራ ሁለት በር ርቀት ላይ ያለችውን እህቱን ደህንነት ባሕር ማዶ ያለሁትን እኔን ይጠይቀኛል! ደህና ናት፣ መርፌ ልኬላታለሁ አልኩት። «ቁጥር ስንት?» አለ። ዘጠኝ። «እሱ ይሻላታል» ብሎ ዘጋው።

አንድ ነገር ልበል፤ ከተቆጡ ይቆጡኝ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የኔ መሄድ መሆኑን አውቃለሁ። እርስዎ «አትሂድ» አሉ፤ አባዬ «ትሂድ፣ ትየው» አለ። የመጨረሻው ቀን ሻይ ልንጠጣ ስንል ገብተው፣ ኬኩን አስቀምጠው፣ «ራሴን አመመኝ» ብለው ሳይሰናበቱኝ ወጡ። አልተቀየምኩም። ግን እስከ ዛሬ አራት ዓመት ሙሉ ያ ኬክ በዓይኔ ላይ አለ። ማናችንም አልበላነውም።

ይኸው ተናገርኩ። አሁን ወደ ሥራችን፦ ከአሮጌ ዕቃ ሱቁ ሰማያዊ ከንፈር ያላቸው ሁለት ነጭ ስኒዎች አግኝቻለሁ፤ የርስዎንና የኔን ቁርጥ። የትኛው የርስዎ፣ የትኛው የኔ እንደነበር አያቴ በምን ትለየው ነበር? እኔ ሁልጊዜ ይምታታብኝ ነበር።

ድንቢጥ


ኅዳር 19

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

እድሜሽ ይርዘም፤ ከምታሰናጂው ጠረጴዛ ሁሉ አንዱ ያንቺ ይሁን። እኔ እንዳለሁ ነኝ። መርፌዎቹ ደርሰውኛል፤ አንዱ ወግቶኛል፤ ጥሩ መርፌ ነው።

እሺ፣ ልጻፍልሽ። ጨርቁ አብሮ አለ፤ ክንድሽ ካላደገ ይበቃል። የእናቴ ጨርቅ ከዱቄት ከረጢት የተሰፋ ነበር፤ ሃምሳ ጊዜ ብታጥበውም የወፍጮ ቤቱ ፊደል አልለቅ ብሎ እንግዳ ሲመጣ ፊደሉ ላይ የዳቦውን ሳህን ታስቀምጥበት ነበር። ስለዚህ በኛ ጠረጴዛ የዳቦ ሳህን መሀል ላይ አይቀመጥም፤ ወደ ግራ ፈንጠር ይላል። ማስመሪያሽ ብትጠይቅሽ እንደዚያ በያት።

እናቴ የባቡር ጣቢያው ሻይ ቤት ዕቃ አጣቢ ነበረች። ስድስት ሆኖ የተገዛ ስኒ አምስቱ ሲሰበር አለቃው ቀሪውን «ጓደኛ የሌለው ስኒ ለእንግዳ አይቀርብም» ብሎ ሊጥለው ሲል እሷ ትለምነዋለች። ጓደኛ ያጡ ስኒዎች ናቸው እንግዲህ በቤታችን ዘመድ የሆኑት። ልጅ ሲወለድ አንድ ይሰጠዋል። የራሷ ጆሮ የሌለው ነበር፤ ትኩስ ሻይ በሁለት እጇ አቅፋ ትጠጣለች። ለአባትሽ አውራ ዶሮ ያለበትን ሰጠችው፤ ሕፃን ሆኖ ሲያለቅስ ሰፈር ይቀሰቅስ ስለነበር። እናትሽ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ቀጭን ጽጌረዳ ያለበትን ሰጠቻት። ነፍሳቸውን ይማር፤ የእናቴና የእናትሽ ስኒ አሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የሞተ ሰው ስኒ ታጥቦ ይቀመጣል እንጂ አይወጣም።

የኔና ያንቺ ግን መንታ ናቸው። ከዚያ ስብስብ ሁለት ብቻ ተርፈው ነበር። አንዱን ለኔ ሰጠችኝ፤ ሌላውን ሣጥን ውስጥ ደብቃ «በዚህ ቤት ሌላ ሴት ልጅ እስክትወለድ» ብላ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስቀመጠችው። አንቺ መጣሽ። መልክሽ እኔን፣ ስኒሽ የኔን።

በማዕዳችን ሰው የራሱ ወንበር የለውም። ሰው የሚቀመጠው ስኒው ባለበት ነው። ስኒህን ትፈልጋለህ፣ እዚያ ትቀመጣለህ። ሩቅ የሄደ ሰው ስኒም ከጠረጴዛው አይጠፋም፤ ተደፍቶ ይቀመጣል። «አቧራ እንዳይገባበት፤ ሲመለስ ይቃናል» ትል ነበር እናቴ። አባትሽ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ በሄደበት ዓመት አውራ ዶሮው ዓመቱን ሙሉ በግንባሩ ተተክሎ ከረመ።

ምልክቱን ጠየቅሽኝ። የኔ እግሩ ላይ ጥፍር የምታክል ሽርፍ አለችበት። ስኒው ቆሞ ሳለ አትታይም። የምትታየው ሲደፋ ብቻ ነው።

ይህን ከጻፍኩ ዘንድ ሌላውንም ልጻፈው። ያን ቀን ራሴን አላመመኝም። ኬኬን ይዤ ገባሁ፤ ስኒዬን ፈለግሁ። ያቺን ሽርፍ አየኋት። በወንድሜ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቻለሁ። የት ሄጄ ነው የተደፋሁት? አሥራ ሁለት በር? በነጋታው የምትሄጂው አንቺ፣ ስኒሽ ቆሟል፤ እዚያው የምቀረው እኔ ከሄዱት ተቆጥሬያለሁ። «አትሂድ» ስላልኩ ወንድሜ እንዲህ አድርጎ ነገረኝ። በአፉ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው።

እና አንቺን ቆሜ ብሰናበት አለቅስ ነበር፤ ማልቀሴን ደግሞ እሱ እንዲያይ አልፈለግሁም። ይኸው ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። አንቺም እንዳነበብሽ እርሺው። ሌላ መርፌ አትላኪ፣ በቃኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 30

እትዬ፣

ሰላምታውንና ምርቃቱን ስለዘለልኩ ይቅር በሉኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ እኔ ነኝ።

ያን ቀን ጠረጴዛውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። አባዬ ሱቅ ነበር፤ የመጣው እርስዎ ከመግባትዎ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ስኒ በእጁ አልነካም። ስኒዎቹን አጠብኳቸው። «ነገ ጠዋት ከወጣሁ በኋላ አባዬ ብቻውን ቆሞ ስኒዬን ሊደፋ ነው» ብዬ አሰብኩ። እኔው ልድፋውና ልገላግለው አልኩ። ሁለቱም ሰማያዊዎች እጄ ላይ ነበሩ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ አንዱን ደፋሁ፣ አንዱን አቆምኩ። እግሩን አላየሁም። የሽርፉንም ነገር ያወቅሁት ገና አሁን በርስዎ ደብዳቤ ነው።

እትዬ፣ የደፋሁት የርስዎን ነው።

በቀን ሁለት መቶ ስኒ ሳልሳሳት የምደረድር ሰው፣ ሦስት ስኒ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ተሳሳትኩ። አራት ዓመት ወንድምና እህት ያለ ሻይ አስቀረሁ። አባዬ እስከ ዛሬ የሚያውቀው እህቱ በቁጣ ልጁን ሳትሰናበት መውጣቷን ብቻ ነው።

ለሱ ልነግረው ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ሆድ ይፍጀው ያሉት ነገር ስለሆነ ያለ ፈቃድዎ አፌን አልከፍትም። እርስዎ ይንገሩት ወይም ንገሪው ይበሉኝ። ብቻ አንዳችን እንናገር። እናንተ ሁለታችሁ አንድ ጠረጴዛ ካልቀረባችሁ እኔ ተመልሼ የት ነው የምቀመጠው?

ይቅር በሉኝ። መልስዎን በየቀኑ እጠብቃለሁ።

ድንቢጥ


ታኅሣሥ 28

ለተከበሩት እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ እያልኩ በሩቁ እጅ እነሣለሁ። አራት ሳምንት ሆነ። የሕንፃችን ፖስታ ሣጥን ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ይከፈታል፤ ፖስተኛው ሲያየኝ አሁን ከሩቅ ራሱን ይነቀንቃል። አባዬንም ሳናግረው ምንም አልሰማም። ከተቆጡኝ ይጻፉልኝ። ስድብም ቢሆን በእጅ ጽሑፍዎ ከሆነ ደስ ብሎኝ አነበዋለሁ።

በዚህ መሀል የጠረጴዛውን ነገር ልንገርዎ፤ ዝም ብዬ ልቤ ሊፈነዳ ነው። ጨርቅዎን አነጠፍኩት፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አለ፤ ማስመሪያ ለክታ አለፈች። የዳቦውን ሳህን ወደ ግራ አስቀመጥኩት። «ይህ ለምን መሀል አልሆነም?» አለች። «ከሥሩ የወፍጮ ቤት ስም አለ» አልኳት። ጨርቁን ገልጣ አየች፤ የለም። «ድሮ ነበር» አልኳት።

ሦስት ስኒ አቆምኩ፤ ሁለት ሰማያዊና በአባዬ ፈንታ አንድ አረንጓዴ። አውራ ዶሮ ያለበት ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አላገኘሁም፤ ዳክዬ ያለበት አግኝቼ ነበር፤ አባዬ ቢሰማ ይቀየማል ብዬ ተውኩት። ከሁለቱ ሰማያዊዎች አንዱን ደፋሁት። በዚህ ጊዜ የደፋሁት የራሴን ነው።

ማስመሪያ ያን ስኒ ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። «ይህ ስኒ ተረስቷል። አቅኚው» አለች። የሄደ ሰው ስኒ ነው፣ አቧራ እንዳይገባበት ነው አልኳት። «ማን ነው የሄደው?» አለች። እኔ ነኝ አልኩ። ቆመች። ማስመሪያዋን ከብብቷ አወጣች፤ መልሳ አስገባች። «የዓመት ፈቃድ ከወሰድሽ ስንት ዓመት ሆነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወስጄ አላውቅም አልኩ። ደብተሯ ላይ ጽፋ ሄደች። ይኸው ጥፋት ሆኖ እንዳይቆጠርብኝ እየሰጋሁ ነው።

አንደኛ የወጣው የወጥ ቤቱ ሽማግሌ ትሪ ነው። ይገባዋል፤ ሲያወራ ሁላችንንም አስለቀሰን።

እትዬ፣ ይጻፉልኝ።

ድንቢጥ


ጥር 12

ይድረስ ለድንቢጤ፣

የጠበቅሽበት ዓይንሽ አይታመም፤ በር በሩን ያየሽበት አንገትሽ ደስታ ይሸከም። በቁጥር ብዙ ምርቃት አለብኝ፤ ቀሪውን በአካል እከፍልሻለሁ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ግን አራት ዓመት ተቀምጦ ዱቄት ሆኗል። አንቺን ይቅር ለማለት ደብዳቤሽን አጥፌ እስካስቀምጥ እንኳ አልፈጀብኝም። አምስት ሳምንት የፈጀብኝ ራሴን ነው። አንድ ጊዜ «ይህ ስኒ ለምን ተደፋ?» ብዬ ብጠይቅ ምን ይለኝ ነበር? ሰው ሁሉ «መርፌ» የሚለኝ አፌ ስለታም ነው ብሎ ነው፤ መናገር በሚያስፈልግበት ቀን ግን ደነዘ። አፈርኩ። ያፈረ ሰው ደግሞ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ሱሪ ይሰፋል። ያለ የሌለውን ሱሪ ሰፋሁ።

ያለፈው ማክሰኞ ግን ተነሣሁ። ቁልፎቹን ከበራዱ ገልብጬ ገበቴ ላይ አፈሰስኩ፤ በራዱን አጥቤ በሽርጤ ጠቀለልኩት፤ የሻይ ቅጠልም ያዝኩ። በዳቦ ቤቱ በኩል አልዞርኩም። በቀጥታው ሄድኩ። የሱቁን በር ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጄ ተመለስኩ፤ በሦስተኛው ጉልበቴ «ወይ ግቢ፣ ወይ አልቆምልሽም» አለኝ፤ ገባሁ።

ሱቁን ታውቂዋለሽ። ግድግዳው ሁሉ ሰዓት፤ አንዱ ሦስት ሰዓት፣ አንዱ ስምንት፣ አንዱ ጨርሶ የተኛ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የደወል ሰዓቱን ሊወስድ ቆሟል። አባትሽ ማጉያ መስተዋቱን በአንድ ዓይኑ ሰክቶ አቀርቅሯል። ቀና ሲል አየኝ፤ በዚያች መስተዋት ውስጥ ዓይኑ የበሬ ዓይን አክሎ ነበር።

«ነገ ና» አለው ዘበኛውን።

«ኧረ ዛሬ ነው ያልከኝ! አልቆልሃል ብለኸኝ!»

«ነገ ና አልኩህ፣ ሰውዬ።»

ዘበኛው እያጉረመረመ ወጣ። እኔ በራዴን አቅፌ ቆምኩ። «እኔም ነገ ልምጣ?» አልኩ።

«አንቺማ አራት ዓመት ዘግይተሻል» አለኝ። መስተዋቱን ከዓይኑ አወጣ። «ግቢ እንጂ፣ እታለም።»

እታለም ሲለኝ ከሰማሁ አራት ዓመቴ። በራዱ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ልናገር አፌን ስከፍት ከኋላው ያለውን መደርደሪያ አየሁ። ሦስቱ ስኒዎች ተደርድረዋል። አውራ ዶሮው ብሎን ጠግቧል። ያንቺ ተደፍቷል። የኔ ቆሟል። ሄጄ አነሣሁት፤ እግሩን ዳሰስኩ፤ ሽርፏ አለች። ወደ ውስጡ ተመለከትኩ። ድንቢጤ፣ አቧራ ሞልቶታል። ታቹ አይታይም። ከሥር ወፍራም፣ ከላይ አዲስ፣ የአራት ዓመት አቧራ።

«ለምን አልደፋኸውም?» አልኩት። «እንዲህ አቧራ እስኪበላው?»

«የት ሄደሽ ብዬ ልድፋው?» አለኝ።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እዚያው ቆሜ፣ ስኒዬን ይዤ፣ ያን ቀን እንዳያይብኝ የደበቅሁትን እንባ በሙሉ አወጣሁት። እሱም ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ የሰዓት ዘይት ገብቶብኝ ነው አለ። እሱ ሰዓት እንጂ ውሸት አያውቅበትም።

ከዚያ ሁሉን ነገርኩት፤ ስላየሁት ሽርፍ፣ ስለ ደብዳቤሽ። ግንባሩን መታ። «በማግስቱ እኔም አየሁት እኮ! ድንቢጥ ተምታቶባታል ብዬ የሷን ደፍቼ ያንቺን አቀናሁት። አንቺ ማየትሽን በምን ልወቅ? እኔ ልጄን ሳትሰናበቺ በንዴት ወጣሽ ብዬ ነው ያኮረፍኩት።» ተያየን። ሁለታችንም ሽማግሌዎች ነን፤ ደህና ጅሎችም ነን።

የሥራ ጠረጴዛውን ጠራርገን ሽርጤን አነጠፍን። እሱ ብሎኑን ወረቀት ላይ ዘረገፈ፤ እኔ ስኒዬን አጠብኩ። ሦስት ጊዜ ነው ያጠብኩት። ዳቦውን ወደ ግራ አስቀመጥኩ፤ ሽርጤ ላይ ፊደል የለም፤ ግን እናቴ እንደምታይ ሆኖ ተሰማኝ። ያንቺን እንደተደፋ በመሀላችን አደረግነው። ሻዩን ልቀዳ በራዱን ባዘነብል ጠብ አይልም። ብነቀንቀው ኳ ኳ ይላል። አባትሽ በሰዓት መሥሪያ ወረንጦው የበራዱን አፍ ጎርጉሮ ምን አወጣ መሰለሽ? ቁልፍ። የጥርስ ሐኪሙን የሱሪ ቁልፍ! ያን ያህል ስቄ አላውቅም። እሱም ሲስቅ ሻዩን ጎንጨት አለና ከጥርሱ መሀል ብሎን አወጣ። «ጥርስ ሐኪሙ ለሁላችንም ያስፈልገናል» አለ።

ከእንግዲህ በየማክሰኞውና በየቅዳሜው በዚያው ነን። ደንበኞቹ ነገ ና ሲባሉ ምክንያቱን ያውቁታል። ጉልበቴም ተሻለው፤ ቀጥታ መንገድ ነው የሚስማማው።

ያንቺ ስኒ ታጥቦ ተደፍቷል። ውስጡን አይቼዋለሁ፤ አንዲት ብናኝ የለበትም። መርፌ አልፈልግም፣ መቀስ አልፈልግም፣ ምንም አልፈልግም። ቀን ብቻ ጻፊልኝ።

አባትሽ ደብዳቤ አልጽፍም ብሎ ሲያንገራግር ብዕሩን እጁ ላይ አስያዝኩት። የጻፈው ከታች ነው።

አክስትሽ

ነገ ነይ። አባትሽ።


ጥር 26

ለተከበሩት እትዬና ለአባዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ፖስታ፣

ሰላምታዬ ለሁለታችሁም እኩል ይድረስ፤ እትዬ ትልቅ ስለሆኑ ትንሽ ይብለጥላቸው።

ደብዳቤያችሁን አዳራሹ ውስጥ፣ ስኒ እየደረደርኩ አነበብኩት። አቧራው ጋ ስደርስ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ማስመሪያ መጥታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ደብዳቤውን እያነበብኩ ተረጎምኩላት። እሷም አጠገቤ ቁጭ አለች፤ መሬት ላይ፤ ያቺ ሴትዮ! ከዚያ ደብተሯን አወጣች። ያን ቀን የጻፈችው የኔን ጥፋት አልነበረም። የአራት ዓመት ፈቃዴን ደምራ ኖሯል። «ሂጂና ስኒሽን አቅኚ» አለችኝ።

አባዬ፣ ነገ አልደርስም፤ አንተም ሰውን ነገ ብለህ ነገ አስረክበህ አታውቅም። የካቲት 18፣ ቅዳሜ ከሰዓት እደርሳለሁ። ኬክ ይኑር፤ ያንኛውንም ጭምር ነው የምበላው።

ስኒዬን ግን ማናችሁም አትንኩት። ራሴ መጥቼ አቀናዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ መጀመሪያ እግሩን አያለሁ።

ድንቢጥ